ኮምፒዩተሩ ከካርድ ክፍሉ ይጀምር

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ መካከለኛ ክሊኒክ አለኝ። ሦስት ሐኪሞች ነን፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ታካሚ እናያለን። ወደ 15,000 ካርድ አለን። አንድ ካርድ ሲጠፋ ፍለጋው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሶፍትዌር የሚሸጡ ልጆች መጥተው ‹አሮጌ ካርዶቹን በሙሉ ስካን አድርገን፣ በአንድ ወር ወረቀት የሌለው ክሊኒክ እናደርግልዎታለን› አሉኝ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹እኔ የተማርኩት በሽተኛ ላይ ላፈጥ እንጂ ስክሪን ላይ ላፈጥ አይደለም› ብሎ ፊት ነስቶኛል። ካርድ ክፍል የምትሠራው እናታችን ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ዶክተር፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ሶፍትዌር የጠየቁኝ ይመስላል። እኔ ግን ያየሁት የካርድ ክፍል ችግር ነው። ስለዚህ ከካርድ ክፍሉ ይጀምሩ። የሐኪሙን ጠረጴዛ ለመጨረሻ ያቆዩት። አሮጌዎቹን ካርዶች ደግሞ ስካን አያስደርጉ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ሲስተም ስንተክል ሁሉንም በአንድ ሰኞ ጀመርን። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ አንድም አልቀረ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ረቡዕ ዕለት ሐኪሞቹ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ካርድ ክፍሉ ግን በኮምፒዩተር ቀጠለ። እንግዲህ አንዱ ታካሚ ሁለት ቁጥር ያዘ፤ አንዱ ኮምፒዩተሩ የሰጠው፣ ሌላው አሮጌ ካርዱ ላይ ያለው። ወሩ ሲያልቅ የትኛው የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ኮምፒዩተሩም አያውቅም። ያንን ለማጥራት አራት ወር ፈጀብን። ሶፍትዌሩ ምንም አልበደለም። ቅደም ተከተሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የካርድ ክፍል ሥራ ካርድ መደርደር ይመስለናል። አይደለም። ሥራው «ይህ ሰው ባለፈው የመጣው ያው ሰው ነው ወይ?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው። ይህ ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ይከብዳል። አንድ ስም ልውሰድ፦ መሐመድ። መሀመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፣ ማህመድ። እርስዎ ሲያነቡት አንድ ስም ነው። ለኮምፒዩተር ግን ስድስት ሰው ነው። ፋጡማ፣ ፋጢማ እና ፋዱማም እንዲሁ። ኃይሉ በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። ጸጋዬም በሁለቱም ጸ ይመጣል። ጸሐፊዋ ጠዋት በአንዱ ፊደል ጻፈች፣ ከሰዓት ተረኛው በሌላው ፈለገ፣ «የለም» አለው፣ አዲስ ካርድ አወጣ። የፔኒሲሊን አለርጂው የተጻፈው የመጀመሪያው ካርድ ላይ ነው።

«እንግዲያው በላቲን ፊደል እንጻፈው» የሚል አይጠፋም። ያ ደግሞ የባሰ ነው። ሶማሊኛ በላቲን ሲጻፍ ኤክስ ማለት ሐ ነው። በኦሮምኛ ቁቤ ግን ኤክስ ጠ ነው። ያው ፊደል፣ ያው ክሊኒክ፣ ሁለት ድምፅ። አማርኛ የለመደው ጸሐፊ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሞክረዋል። የሦስት ቋንቋ ከተማ ላይ ተቀምጠን አንዱን አጻጻፍ በመመሪያ ማስገደድ አይሆንም።

ስለዚህ ሻጮቹ ሲመጡ የሚያማምሩትን ግራፎች ከማየትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። እዚያው ፊትዎ «ፀሐይ» ብለው አንድ ሰው ያስመዝግቡ። ከዚያ «ጸሀይ» ብለው ይፈልጉ። ካላገኛት፣ ሻዩን አጠጥተው ይሸኟቸው። ነገሩ ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ሲስተሙ ከመፈለጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እንዲለውጥ ማድረግ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ፤ ሰና ሠ አንድ፤ አና ዐ አንድ፤ ጸና ፀ አንድ። ጎበዝ ፕሮግራመር በአንድ ቀን የሚጨርሰው ነገር ነው። ያልሠሩት ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስላልተቀመጡ ነው።

ስም ብቻውን አይበቃም። የአባት፣ የአያት፣ ከተቻለ የእናት ስም ይጨምሩ። ስልክ ይያዙ፤ ግን አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ በሙሉ እንደሚሠራ አይርሱ። ለልጆቹም ለአያትየዋም የሚሰጠው የአባትየው ቁጥር ነው። ፋይዳ ያለውን ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ይመዝግቡለት፤ የሌለውን ግን ከበር እንዳይመልሱ። አድራሻ ሲጠይቁ ቀበሌ ብቻ ብለው አይወስኑ። ሰው «ገንደ ቆሬ ነኝ»፣ «ቀፊራ ነኝ» ይላል እንጂ የቀበሌ ቁጥሩን ወዲያው አያስታውስም። የሰፈሩን ስም ሲመርጡ ቀበሌው ራሱ የሚሞላ ዝርዝር ያሠሩ። ለምን አድራሻ ላይ እንዲህ እንደማጠብቅ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜን በዕድሜ አይጻፉ። ዘንድሮ 30 ብለው ከጻፉ ከአምስት ዓመት በኋላም 30 ይላል። የልደት ዓመት ይጻፉ፤ ግምት ከሆነ «ግምት» የሚል ምልክት ይኑረው። ብዙ ሰው የተወለደበትን ቀን አያውቅም። ጸሐፊዎች ደግሞ ባዶ ቦታ ስለሚያስፈራቸው ሁሉንም መስከረም 1 ያደርጉታል። ግማሽ ከተማው ዘመን መለወጫ ላይ የተወለደበት ሲስተም አይቻለሁ።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ ሁለተኛው ፈተናዎ ካላንደር ነው። አብዛኞቹ ሲስተሞች ውስጣቸው የፈረንጅ ካላንደር ነው፤ ላዩ ላይ የእኛን ይለጥፉበታል። ነፍሰ ጡር መጥታ «የመጨረሻ አበባዬን ያየሁት መስከረም 12 ነው» ትላለች። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 በሚውልበት በተለመደው ዓመት መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22 ነው። ጸሐፊው መስከረምን በቀጥታ ሴፕቴምበር ብሎ 12ን ከመረጠ የመውለጃ ቀኗ በ10 ቀን ተዛባ። ስለዚህ ሻጮቹን ጳጉሜ 5 የተወለደ ሕፃን አስመዝግቡልኝ ይበሏቸው። በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ጳጉሜ 6ንም ይሞክሩ። ቀጥለው የወር ሪፖርት ያስወጡ። የጤና ሪፖርታችን ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 እንደሚቆጠር እርስዎ ያውቃሉ፤ ከወር 1 እስከ 30 የሚቆጥር ሲስተም ከሆነ ሪፖርቱን የሚሠራው ልጅ እንደገና በእጁ መዝገብ መቁጠሩ አይቀርም። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ ማለትም የጤና ሪፖርት ወደሚላክበት ሲስተም፣ ቅጽ ይገለብጣል። ሁለት ጊዜ ሥራ ያበዛ ሲስተም ደግሞ ማንም አይወደውም።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ ካርዶች። 15,000 ካርድ አለኝ ብለዋል። እያንዳንዱ በአማካይ አራት ገጽ ይኑረው እንበል። 60,000 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ አቃንቶ፣ ስካን አድርጎ፣ ትክክለኛው ሰው ሥር ለማስገባት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 1,000 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሰው 125 ቀን ይፈጅበታል። «በአንድ ወር» ያሉዎት ልጆች ሒሳቡን አልሠሩትም ወይም እርስዎ እንዳይሠሩት ፈልገዋል። የሚከፋው ደግሞ ውጤቱ ፎቶ ነው። ፎቶ ውስጥ ያለውን የእጅ ጽሑፍ መፈለግ አይቻልም። ያኛው የሥራ ባልደረባዎ የጻፈውን ወረቀቱ ላይ ማንበብ ካልቻሉ ስክሪን ላይም አይችሉም።

ይልቅ ታካሚው ራሱ ሲመጣ ካርዱ ይውጣ። ነርሷ ከካርዱ አምስት ነገር ብቻ ታስገባ፦ አለርጂ፣ የቆየ በሽታ፣ አሁን የሚወስደው መድኃኒት፣ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ የአሮጌው ካርድ ቁጥር። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ካርዱ ወደ ነበረበት አይመለስ፤ «ገብቷል» የሚል ሌላ መደርደሪያ ያዘጋጁለት። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው በየወሩ ስለሚመጡ በሦስት ወር ውስጥ አልቀው ያገኟቸዋል። አሮጌው መደርደሪያ ላይ የሚቀረው አብዛኛው ከዓመታት በፊት አንዴ ለጉንፋን መጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነው። እሱን ስካን ለማድረግ ሊከፍሉ ነበር እኮ! ግን የሚመለከተው ተቆጣጣሪ ሳይፈቅድ አንድም ካርድ እንዳይጥሉ።

ስለ ባልደረባዎ። ሰውየውን ሰነፍ ወይም ኋላ ቀር አይበሉት። እውነት አለው። አሜሪካኖቹ ይህን በትልቅ ገንዘብ ሞክረው አይተውታል። በ2009 (በእነሱ አቆጣጠር) ባወጡት ሕግ፣ የኤሌክትሮኒክ መዝገብን በአግባቡ ለተጠቀመ ሐኪም በሜዲኬር (በመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) በኩል በአምስት ዓመት እስከ 44,000 ዶላር መክፈል ጀመሩ። ቀኑ አልፎ ያልገባውን ደግሞ ከክፍያው ይቀንሱበት ጀመር። ሠራላቸው። በ2017 ከ10 የሐኪም ቢሮዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ኮምፒዩተር ላይ ነበሩ። ነገር ግን በ2016 የወጣ ጥናት ሐኪሞችን ሥራ ላይ እያሉ በሰዓት ሲለካ፣ ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ኮምፒዩተርና ወረቀት ላይ እንደሚያልፍ አሳየ። ማታም ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ይህን የምነግርዎ ላስፈራራዎ አይደለም። እዚያ ጽሑፉን ያስረዘመው አንዱ ትልቅ ነገር ኢንሹራንስ ነው። እያንዳንዱ የተጻፈ ነገር ለክፍያ ማስረጃ ይሆናል። የእርስዎ ታካሚ ግን በአብዛኛው ካሸር ጋ ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚገባው። እንግዲህ የሌላ አገር ኢንሹራንስ የሚፈልገውን 40 ሳጥን እኛ ለምን እንሞላለን? ሻጮቹ የሐኪሙን ገጽ ሲያሳዩዎት ለአንድ የቶንሲል ታካሚ ስንት ቦታ መንካት እንዳለብዎት ይቁጠሩ። ከአሥር ካለፈ ባልደረባዎ ልክ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሐኪሞቹ በእጃቸው ይጻፉ። እውነቴን ነው። መጀመሪያ ምዝገባና ካሸር ይግባ። እሱ ሲረጋ ላብራቶሪው፣ ቀጥሎ ፋርማሲው። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ስክሪኑን የሚጠቀመው ለማንበብ ብቻ ነው። ያለፈውን ወር የስኳር ውጤት ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን ሲያይ፣ «ይሄ ነገር እኔስ እንድጽፍበት አይፈቀድልኝም?» ብሎ ራሱ ይጠይቅዎታል። ሲጠይቅ ደግሞ በአንድ ነገር ያስጀምሩት፦ በችግሮች ዝርዝር። ላሪ ዊድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1968 (በእነሱ አቆጣጠር) የጻፈው ሐሳብ ነው። መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን በታካሚው ችግር ይደራጅ፣ ስኳሩ አንድ፣ ግፊቱ ሁለት እየተባለ፣ አለ። ይህን በወረቀትም መጀመር ይቻላል። ከነገ ጀምሮ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስክሪኑን ግድግዳ ላይ አያስደግፉት። ሐኪሙ ጀርባውን ለታካሚው እንዳይሰጥ። ከገጠር የመጣች፣ ሶማሊኛ ብቻ የምታውቅ እናት፣ አስተርጓሚ በኩል እያወራች፣ ሐኪሙ ደግሞ ኪቦርድ ላይ አቀርቅሮ... በጭራሽ! ጠረጴዛውን ጠመም አድርገው ስክሪኑን ሁለቱም የሚያዩበት ቦታ ያስቀምጡት። የልጇን የክብደት መስመር ስክሪኑ ላይ ስታየው አስተርጓሚም አያስፈልጋትም።

ስለ አድራሻ ወደ በኋላ ያልኩት ይኸው። በትንኝ የሚተላለፉት ዴንጊ በ2006፣ ቺኩንጉኒያ በ2011 ማለቂያ (በእኛ አቆጣጠር) ላይ ድሬን ሲያንገላታት እናስታውሳለን። ያኔ በየክሊኒኩ በር ላይ መገጣጠሚያውን ይዞ የሚያነክሰው ሰው ብዛት! ሰፈሩ በትክክል የተመዘገበበትና ላብራቶሪው የገባበት ሲስተም ካለዎት «በዚህ ሳምንት ትኩሳት ይዞ መጥቶ የወባ ምርመራው ነጻ የሆነ ሰው ከየት ሰፈር በዛ?» የሚለውን በሁለት ደቂቃ ያውቃሉ። ለጤና ቢሮ ስልክ መምታት የሚችሉት ያኔ ነው። በወረቀት መዝገብ ይህን ለማወቅ ወረርሽኙ ራሱ ያልቃል።

ዕቃውን በአጭሩ። ዴስክቶፕ አይግዙ፤ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ራሱ ይቆያል። ሰርቨሩ፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር፣ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ይሁን፤ ኮምፒዩተሮቹ በውስጥ መስመር ይገናኙ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካርድ ክፍልዎ መቆም የለበትም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ከአዲስ አበባ ቀድሞ የጀመረው በእኛ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሲም የሚይዝ ራውተር ገዝተው አንዱ ሲጠፋ በሌላው መቀጠል ይችላሉ። የሁሉም ጠላት ሙቀቱ ነው። የዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ 25 ዲግሪ ታስቦ የተሠራ ነው። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰርቨሩን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ አይቆልፉበት። ሲስተሙ ሲቆም የሚሞላ አንድ ብሎክ ወረቀት በየጠረጴዛው ይኑር፤ የተጻፈው በዕለቱ ይግባ። ነገ የተባለ ወረቀት አይገባም።

ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየማታው፣ በፓስወርድ በተቆለፈ ዲስክ። ሁለት ዲስክ ይኑርዎት፤ አንዱ ክሊኒኩ፣ አንዱ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለ ቤት። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ባክአፑን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ከፍተው የአንድ ታካሚ መዝገብ ያውጡ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ የለም ብለው ይቁጠሩት።

ምስጢር። ድሬ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል አቦ! የኤችአይቪ ውጤት፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የአእምሮ ሕክምና፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ልጅ የማን የአክስት ልጅ እንደሆነች ማን ያውቃል? ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መግቢያ ይኑረው። ሲስተሙ የማንን መዝገብ ማን መቼ እንደከፈተ ይመዝግብ፤ እርስዎም በየሳምንቱ ያንን ዝርዝር ይዩት፤ ማየትዎንም ሠራተኛው ይወቅ። ሁሉም በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት ሲስተም ከተቆለፈ የካርድ ክፍል በር ያንሳል። የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክም ከዛሬ ይቁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ተጠያቂው ደግሞ ሻጩ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ነዎት።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ መረጃው የክሊኒኩ ነው፤ ስንለያይ በሌላ ሲስተም ሊነበብ በሚችል ፋይል ሙሉውን ታስረክባላችሁ። ይህን ካልፈረሙ ካርድዎን መያዣ አድርገው ነው የሚኖሩት። ባህምኒን የመሰሉ፣ ኦፕን ኤምአርኤስ በሚባለው ነጻ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ ነጻ ሲስተሞችም አሉ። ፈቃዱ ነጻ ነው። የሚተክለውና ሲበላሽ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ሰው ግን ነጻ አይደለም። ያንን ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ካገኙ ይሞክሩት፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ብቻ ካለ ይቅርብዎት።

የመጨረሻው እናታችን ናቸው። ልጆቹ «እሳቸውን በወጣት ይተኳቸው» ብለዎት ይሆናል። እንዳያደርጉት። ሦስቱ መሐመድ አብዲዎች ማን ማን እንደሆኑ በመልካቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቶሎ የሚተይብ ወጣት ይቅጠሩና አጠገባቸው ያስቀምጡት። እሱ ይጻፍ፤ ሲስተሙ «ተመሳሳይ ሰው አለ» ሲል ግን የሚወስኑት እሳቸው ይሁኑ። ሥልጠናውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ የእርስዎም ወረፋ ይቀልላል። በሁለተኛው ወር እናታችንም የኮምፒዩተሩን ማውስ መያዝ ይለምዳሉ። ባይለምዱም ግድ የለም።

መጀመሪያ ቀኑን ታኅሣሥ ላይ አያድርጉት። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል አገሩ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የአንድ ቀን እንግዳ ታካሚ ስም ሲያስመዘግቡ አይዋሉ። ረመዳንም የወረፋ ሰዓቱን ይለውጠዋል፤ የወሩን አገባብ አይተው ይራቁት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ሰኞ ጥሩ ነው፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። በዚያ ሰኞ የሚከፈተው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው፣ ካርድ ክፍል ውስጥ። የቀረው ቤት እንደ ወትሮው ይሥራ።